ምንም የማይመስለውን ሥዕል እንዴት እንየው?

ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ጥለት ስትመርጡ «ይሄ ጥለት የምን ሥዕል ነው?» ብሎ የጠየቃችሁ ሰው አለ? የለም። እናቶቻችን ነጠላውን ይዘው ወደ ሱቁ በር ይወጣሉ። በቀን ብርሃን ዘርጋ ያደርጉታል። «ቀዩ በዛበት» ይላሉ። «አረንጓዴው ጥሩ ነበር፣ ግን ወርቁ ዋጠው።» ሌላ ይመጣላቸዋል፣ እሱንም ያያሉ፣ ከዚያ ደግሞ «እስቲ የቅድሙን መልሰው» ይላሉ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም። ግን ቀለም ከቀለም ጋር ሲስማማም ሲጣላም ያውቃሉ።

ያው ሰው ጋለሪ ገብቶ አንድ ትልቅ ቀይና ብርቱካናማ ሸራ ፊት ሲቆም ግን ያ ሁሉ ዕውቀት የት እንደሚገባ እንጃ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይልና ያልፋል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ረቂቅ ሥዕልን፣ አብስትራክት የሚባለውን ማለቴ ነው፣ ለማየት አዲስ ዓይን አያስፈልግም። ጥለት የምትመርጡበትን ዓይን ይዛችሁ ግቡ።

ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ ራሴ የማደርገውን ነው። በምሳሌነት የምወስደው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ከአክስቴ ጋር ያየሁትን የአንድ ወጣት ሠዓሊ ሥራ ነው። ሸራው ከሰው ቁመት ይበልጣል። አብዛኛው ቀይ ነው። ከታች ሰፊ ብርቱካናማ አለ። መሀሉን አንድ ጥቁር ሰንበር ሰንጥቆታል። በስተግራ ጥግ ላይ መዳፍ የምታክል ቢጫ አለች። አክስቴ ስፌት ይሰፋሉ፤ መሶብ፣ ሙዳይ፣ ሰፌድ። ከዚያ ቀን በፊት ኤግዚቢሽን ገብተው አያውቁም ነበር።

1. ዋናውን ፈልጉ፣ ከዚያ አንዱን ብቻ ምረጡ

ስልክ ላይ የምታዩት ሥዕሉ አይደለም። ስክሪን ከውስጡ ብርሃን ይለቃል፤ ሸራ ግን ከክፍሉ የተቀበለውን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ደግሞ ሁለት ሜትር የሚሆን ሥዕል ስልክ ላይ የክብሪት ቀፎ ያህል ይሆናል። በዚህ ዓይነት ሥዕል ላይ ስፋት ራሱ የሥራው አካል ስለሆነ ግማሹ ነገር እዚያው ጠፋ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ አለላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ያላችሁ ደግሞ እድለኞች ናችሁ፤ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርትም ሆነ የስሚዝሶኒያኑ የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መግቢያቸው ነጻ ነው። ለንደን የቴት ሞደርንን ቋሚ ስብስብ ማየት እንዲሁ ነጻ ነው። ይሄ ሁሉ ከሌለ የሆቴል ሎቢና የባንክ ሕንፃ ግድግዳም ይሠራል።

ከገባችሁ በኋላ ሁሉንም ለማዳረስ አትሩጡ። በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች አንድን ሥራ ለምን ያህል ጊዜ ቆመው እንደሚያዩ ተለክቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። አማካዩ 27 ሰከንድ ገደማ ነው። ነጠላ በ27 ሰከንድ የሚመርጥ ሰው አላውቅም። ክፍሉን አንዴ ዞር ዞር በሉ፣ የጠራችሁን አንዱን ያዙ፣ ለእሱ 10 ደቂቃ ስጡት። ወንበር ካለ ተቀመጡ።

2. ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ አታንብቡ

ለጊዜው ማለቴ ነው። ጊዜው ሲደርስ እንመለስበታለን።

አራት አምስት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። «ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ተዉትና «መጀመሪያ የመጣብኝ የትኛው ቀለም ነው?» በሉ። ቀላል ይመስላል፣ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ያስገርማል። እኔ ያንን ሥዕል ሳየው ቀይ የሚል ነበር ያሰብኩት፣ በስፋት ቀይ ስለሆነ። አክስቴ ግን ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ትንሽ አዩና «ቀዩማ ተኝቷል፤ ቢጫዋ ናት የጠራችኝ» አሉ። መልሼ ሳየው እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ቀይ የቀሰቀሰችው ያቺ ጥግ ላይ ያለች ቁራጭ ነበረች።

ቀጥሎ ሰውነታችሁን ጠይቁ። ቀለሙ ወደ እናንተ ይመጣል ወይስ ይሸሻል? ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ማየት ያስደስታል ወይስ ዓይን ያደክማል? እዚህ ላይ የተሳሳተ መልስ የለም።

እኛ ሀገር አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አረንጓዴ ልምላሜ፣ ቢጫ ተስፋ፣ ቀይ መስዋዕትነት ሲባል ስለሰማን ቀለም ባየን ቁጥር ወደ ትርጉም እንሮጣለን። ቀይ ካየን «ደም ነው» ብለን እንዘጋዋለን። አንዴ ከዘጋነው ደግሞ ዓይናችን ማየት ያቆማል፤ ያ ቀይ ወደ ብርቱካናማ ያደላ ይሁን ወደ ወይን ጠጅ፣ ይጩህ ወይም ያንሾካሹክ፣ ሳናየው እንቀራለን። ትርጉሙ አይጠፋም። ትንሽ ይቆይ።

3. ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ

ፀሐይ ላይ ሰው ለመለየት እንደምታደርጉት፣ ግማሽ በግማሽ። ዝርዝሩ ይጠፋና ብርሃንና ጨለማው ብቻ ይቀራል። የሥዕሉ አጥንት ይሄ ነው። ከባዱ የት ነው ያለው? ወደየት ያዘነብላል? ስልካችሁንም መጠቀም ትችላላችሁ፤ ፎቶ ማንሳት የሚፈቀድ ከሆነ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ሲለያዩ የነበሩት ቀይና አረንጓዴ ድንገት አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ታገኟቸው ይሆናል። ያኔ ለያይቷቸው የነበረው ጨለማና ብርሃን ሳይሆን ቀለም ብቻ እንደነበር ታያላችሁ።

4. ጎረቤቱን እዩ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ትይዛላችሁ ብባል ይሄን እላለሁ፦ ቀለም ብቻውን አይታይም። ከጎኑ ባለው ነው የሚታየው።

ይሄን በደንብ ያስረዳው ሠዓሊ አይደለም፣ የኬሚስትሪ ሰው ነው። ሚሼል ኤዥን ሼቭረል ይባላል። ፓሪስ ውስጥ ጎብለን በሚባለው ዝነኛ የሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበር። ሸማኔዎቹ አቤቱታ አቀረቡ፤ ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው፣ ከሰማያዊ ጋር ሲሸመን ጥቁረቱ ይጠፋል አሉ። ሼቭረል ማቅለሚያውን መረመረ። ምንም እንከን የለበትም። ችግሩ ጎረቤቱ ነበር። ከጥቁሩ ጎን ያለው ሰማያዊ የጥቁሩን መልክ ዓይን ውስጥ ይቀይረዋል። ሰውዬው ነገሩን ለዓመታት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1839 ወፍራም መጽሐፍ አሳተመበት። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ሠዓሊዎች ከእሱ ተምረዋል። እኔን ደስ የሚለኝ ነገሩ ከሸማኔ ጥያቄ መነሣቱ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይሄን ጥያቄ በየቀኑ በእጁ ይመልሰዋል።

ቤታችሁ ሞክሩት። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጮች ቁረጡ። አንዱን ደማቅ ብርቱካናማ ነገር ላይ አድርጉ፣ ሌላውን ሰማያዊ ላይ። ጎን ለጎን እዩአቸው። ብርቱካናማው ላይ ያለው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ሰማያዊው ላይ ያለው ይሞቃል። ወረቀቱ ግን ያው አንድ ወረቀት ነው።

ሌላ ሙከራ ደግሞ አለ። ፏ ያለ ቀይ ነገር ላይ ለ30 ሰከንድ ሳትንቀሳቀሱ አፍጥጡ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ ነጭ ግድግዳ ዞር በሉ። ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ጥላ ይመጣላችኋል። ዓይን ቀይ ሲበዛበት ተቃራኒውን ራሱ ይፈጥራል። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲሆኑ ድንበራቸው የሚንቀጠቀጥ የሚመስለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሥዕሉ ተመለሱ። ሁለት ቀለም የሚገናኝበትን ድንበር ምረጡና በዓይናችሁ ተከተሉት። የት ይስማማሉ? የት ይጣላሉ? ይሄ ቀይ ከጥቁሩ ጎንና ከብርቱካናማው ጎን አንድ ነው? በዚያ ሥዕል ላይ አንድ አልነበረም። ጥቁሩ ጋ ሲደርስ እንደ ፍም ይበራል፤ ብርቱካናማው ጋ ሲደርስ ግን ይከብድና ወደ ቡኒ ይሄዳል። ሠዓሊው ሁለት ቀይ ተጠቅሞ ይሁን አንድ፣ ከሩቅ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። መቅረብ ነበረብኝ።

5. ቅረቡ፣ ግን አትንኩ

ትልቅ ሥዕል ከሩቅ ነው የሚታየው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ባርኔት ኒውማን የሚባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1951 ኒው ዮርክ ላይ ሲያሳይ ግድግዳው ላይ ማሳሰቢያ ለጥፎ ነበር፤ እነዚህ ትልልቅ ሥዕሎች ከቅርብ እንዲታዩ የታሰቡ ናቸው የሚል። ከሥዕሎቹ አንዱ ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም ቀይ ነው። ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ ማርክ ሮትኮም ተመልካች ግማሽ ሜትር በማይሞላ ርቀት እንዲቆም ይፈልግ ነበር። ያን ያህል ስትቀርቡ የሥዕሉ ጠርዝ ከዓይናችሁ ይወጣል። ቀለሙ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ጠባቂው እስከፈቀደላችሁ ድረስ ሞክሩት።

ከቅርብ የሚታየው ሌላ ነው። ከላይ ካለው ቅብ ሥር ምን አለ? ጠርዞቹ ላይ ፈልጉ፤ ሠዓሊ መጀመሪያ የቀባው ቀለም ብዙ ጊዜ ጠርዝ ላይ ያፈተልካል። ብሩሹ ወደየት ሄዷል? ቀለሙ እንደ ሊጥ ተደፍድፏል ወይስ እንደ ውኃ ሸራው ውስጥ ሰርጓል? ወደ ጎን ዞራችሁም እዩ፤ ብርሃኑ በአግድም ሲመጣ እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ይጥላል።

በዚያ ሥዕል ላይ በጥቁሩ ሰንበርና በቀዩ መሀል አንድ ነገር አገኘሁ። የክር ያህል የቀጠነች ቢጫ መስመር። ከሩቅ አትታይም። ጥቁሩ ሲቀባ ሳይሸፍናት የቀረች፣ ከሥር ያለ የቢጫ ቅብ ቅሪት ናት። ቀዩ ጥቁሩ ጋ ሲደርስ እንደ ፍም የበራው በእሷ ነው። ጥግ ላይ ያለችው ቢጫም ብቻዋን እንዳልሆነች ያኔ ገባኝ፤ ሥዕሉ በሙሉ ከሥሩ ቢጫ ነበር። አክስቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «አለላውን ሳይጨርስ ሌላ ቀለም ገባበት» አሉ፣ ስፌት ላይ የሚያደርጉትን እያሰቡ። «ሆን ብሎ ነው።»

የአሜሪካዊቷን ሠዓሊ የአልማ ቶማስን ሥራ የማየት ዕድል ካገኛችሁ ይሄ እርምጃ ብቻውን ይበቃል። ዋሽንግተን ውስጥ 35 ዓመት ያህል ልጆችን አስተምራ ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው ዛሬ የምትታወቅበትን ሥዕል የሠራችው። እ.ኤ.አ. በ1972 የኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለብቻዋ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅላት 80 ዓመቷ ነበር። ከሩቅ የቀለም ቀለበትና ሰልፍ ነው። ከቅርብ እያንዳንዷ የብሩሽ ምት ለብቻዋ ቆማለች፣ በመሀላቸው ነጩ ያበራል። ያንን ነጭ ተከተሉት። በቅጠል መሀል የሚያልፍ ብርሃን ትዝ ይላችኋል፤ እሷም በመስኮቷ የምታየው ዛፍ ነበር ወደዚህ የመራት።

6. አውራ ጣታችሁን አንሡ

አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና አንዷን የቀለም ቁራጭ በጣታችሁ ከልሏት። ሥዕሉ ምን ሆነ? ጣታችሁን አንሡ። አሁንስ? እኛ ቢጫዋን ከለልናት። ቀዩ ወዲያው ደረቀ፣ ግድግዳ መሰለ። ስንለቃት መልሶ ተነፈሰ። ይሄን በሦስት አራት ቦታ አድርጉት። የትኛው ነገር ሥራ እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ በዚህ ይታወቃል። ብትከልሉትም ምንም የማይለወጥ ነገር ከበዛ ምናልባት ሥዕሉ ደካማ ነው፤ እንዲህ ለማለትም መብት አላችሁ።

7. ፊደል ካለበት ለማንበብ አትቸኩሉ

ይሄኛው ለእኛ ብቻ የተጻፈ እርምጃ ነው። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የግዕዝ ፊደልን የሥዕሉ መሠረት አድርጎ በደማቅ ቀለም ይሠራል። ፊደሉን ይዘረጋዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ያስጨፍረዋል። ፊደሉን የማያውቅ ሰው ቅርጹን ብቻ ያያል። እኛ ግን «ይሄ ሀ ነው፣ ያ ደግሞ መ» እያልን ቃል ለመገጣጠም እንታገላለን፣ ቃል ሲጠፋ እንበሳጫለን። ተዉት። የፊደሉን እግርና ወገብ እንደ ቅርጽ እዩት፣ ልጅ ሆናችሁ ማንበብ ከመቻላችሁ በፊት ግድግዳ ላይ ያለውን ገበታ እንዳያችሁት።

8. አሁን ጽሑፉን አንብቡ

አሁን ዓይናችሁ የራሱን ሥራ ስለሠራ ማብራሪያው አይጫነውም። ብዙዎቹ «ርዕስ የለውም» ነው የሚሉት ወይም ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው፤ አትናደዱ፣ ሠዓሊው ቀለሙን ብቻ እንድታዩ እየለመናችሁ ነው። ርዕስ ካለ ግን ርዕሱ ቀለሙን ሲቀይረው ተከታተሉ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው «ጎልጎታ» የሚባል ሥዕል አለው። ርዕሱን ሳታውቁ ቀዩን እንደ ቀይ ታዩታላችሁ። ርዕሱን ስታነቡ ያው ቀይ ሌላ ይሆናል፣ ስቅለት ይሆናል። ቅድም «ይቆይ» ያልኩት ትርጉም አሁን ይግባ። ዓይን መጀመሪያ ቀዩን በደንብ ስላየው ትርጉሙ የሚያርፍበት ቦታ አለው።

የሠዓሊውን ሕይወትም ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ነው የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ1932። ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ተምሮ ተመለሰና በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ገጣሚም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ቢያገኝም ረቂቅ ሥዕሉ የውጭ ነው፣ ኢትዮጵያዊ አይደለም የሚሉት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። የሐረርን ቤት ያየ ሰው ይሄ «የውጭ ነው» የሚባለው ነገር ግራ ያጋባዋል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት የተሞላ ነው፤ ክቡ፣ ኮከቡ፣ ዚግዛጉ፣ ቀዩ ከአረንጓዴው ከጥቁሩ። አንዱም የሰው ወይም የዛፍ ሥዕል አይደለም፣ ሁሉም ግን ይታያል። የእሱ ሥዕል ከዚያ መጣ እያልኩ አይደለም። ዓይናችን ግን ለዚህ እንግዳ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ።

9. «ይሄንንማ ልጄም ይስለዋል» ካላችሁ

እሺ፣ ሳሉት። ከምሬ ነው፣ ከልጃችሁ ጋር ቁጭ በሉ። ሦስት ቀለም ብቻ ምረጡ፤ አንድ ትልቅ ወረቀት ሙሉ በሙሉ ሸፍኑ። ምንም ነገር እንዳይመስል፣ ግን ዓይን እንዳይሰለቸው አድርጉት። ሦስት ነገር ታገኛላችሁ። ቀለሞቹን ደጋግማችሁ ካሻሻችኋቸው ጭቃ ይሆናሉ። እኩል እኩል ከከፈላችኋቸው ሥዕሉ ይሞታል። ደግሞ የት ማቆም እንዳለባችሁ ይጠፋችኋል፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ልጁ ግን እናንተ ያልደፈራችሁትን አንድ ቦታ ላይ ያደርጋል። እሱን እዩለት።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሥዕሉን ካልወደዳችሁት አትውደዱት። ብቻ «አልገባኝም» ብላችሁ አትለፉት፤ «ብርቱካናማው ሰፋብኝ» ብላችሁ እለፉት። አክስቴም በመጨረሻ ያሉት ይሄንን ነው። ሥዕሉን ወደውታል፣ ብርቱካናማው ግን ሁለት ጣት ቢያንስ ይሻል ነበር ባይ ናቸው። እኔ አልተስማማሁም። ታክሲ እስክንይዝ ድረስ ተከራከርን።

10. በማግስቱ አስታውሱት፣ ከዚያ ተመለሱ

ማታ ወይም በማግስቱ፣ ፎቶውን ሳታዩ፣ የሥዕሉን ቀለሞች በቃላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። የት የት እንደነበሩም ምልክት አድርጉ። ከተቻለ በሌላ ሰዓት ተመለሱና አስተያዩት። ጠዋት ያያችሁትን ከሰዓት በኋላ፣ በመብራት ያያችሁትን በመስኮት ብርሃን እዩት። ቢጫ አምፖል ሰማያዊን ያደክማል፤ እናቶቻችን ነጠላውን ይዘው ወደ በር የሚወጡት በከንቱ አይደለም።

እኔ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ብዬ ጻፍኩ። ከታች በስተቀኝ፣ ብርቱካናማው መሀል፣ አንድ ትንሽ ሰማያዊ እንዳለም በደንብ አስታወስኩ። ጉም የመሰለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሰማያዊ። ኤግዚቢሽኑ ሳይዘጋ ተመለስኩና በቀጥታ ወደዚያ ጥግ ሄድኩ። እስኪበቃኝ ቀረብኩ። በሁለት እጄ ዙሪያውን ያለውን ብርቱካናማ ከለልኩት።

ግራጫ ነበር።